የሮኬት ቀጠሮ

አሜሪካ ውስጥ አስር ደቂቃ ማርፈድ ትንሽ ወንጀል ነው። አለቃ ሰዓቱን አይቶ ዝም ይላል፤ ዝምታው ከስድብ ይብሳል። የጥርስ ሐኪሙ ጸሐፊ ቀጠሮውን ሰርዛ ቅጣት ትልካለች። የሕፃናት ማቆያው በየደቂቃው ያስከፍላል። እኛ ደግሞ እዚህ አገር የመጣነው ስማችንን ይዘን ነው። የሰርግ ጥሪ ላይ ስድስት ሰዓት ብለን ጽፈን ስምንት ሰዓት የምንገባ፣ «ደርሻለሁ፣ መኪና እያቆምኩ ነው» እያልን ገና ካልሲያችንን የምንፈልግ ሰዎች ነን። የአበሻ ቀጠሮ ነገር በተነሳ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ቀና ያደረገኝ ናሳ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ኮንግረስ ናሳ ሰውን ከምድር አርቆ የሚወስድ ግዙፍ ሮኬት እንዲሠራ፣ ሮኬቱም እስከ 2016 መጨረሻ ሥራ እንዲጀምር ደነገገ። ልብ በሉ፣ በሕግ ነው። 2016 መጣ፤ ሮኬቱ አልመጣም። 2017 አለፈ፣ 2018 አለፈ፣ 2019 እና 2020 ተከታትለው ሄዱ። ከኮንዶሚኒየም ዕጣችን ጋር ባይወዳደርም ቀላል መዘግየት አይደለም። በመጨረሻ አርጤምስ 1 የተባለው የጨረቃ ጉዞ ለነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተቀጠረ። በዚያ ጠዋት ከአራቱ ሞተሮች አንዱ በሚገባ አልቀዘቀዘም የሚል ምልክት ታየና ቀረ። ኋላ ሲጣራ ሞተሩ ደህና ነበር፤ የዋሸው የሙቀት መለኪያው ነው። ቀጠሮው ለነሐሴ 28 ተዛወረ።

እኔ የሄድኩት ለነሐሴ 28ቱ ነው። ኦርላንዶ የሚኖር ጓደኛ አለኝ፤ እናቱ ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ከአትላንታ ሌሊቱን ነድቼ ስደርስ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥረው፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ጨረቃ ድረስ የሚሄድ ሲሸኝ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ልጄ» አሉኝ። የጓደኛዬ ጎረቤት አብሮን ተሳፈረ፤ በጠፈር መንኮራኩር ቴክኒሻንነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ነው። እማማ ስሙን መያዝ ስላቃታቸው «ሽማግሌው» ይሉታል፤ እሱም ለምዶት «ሽማግሌው!» ሲባል አቤት ይላል። አንቱታውን ትተንለታል፤ ቋንቋው አያውቀውም፣ እሱም አልጠየቀም።

ያመራነው ቲተስቪል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በአንድ ሰፊ የውሃ ዳር ተዘርግታለች፤ ከውሃው ማዶ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል አለ። የአካባቢው የስልክ ኮድ ከ1999 ጀምሮ 321 ነው፤ ሆን ተብሎ የተመረጠ የሮኬት ቆጠራ። ስንደርስ የውሃው ዳር ሙሉ ጥምቀት ሆኗል። ድንኳን ተተክሏል፣ ታጣፊ ወንበር ተደርድሯል፣ ሕፃናት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይተኛሉ፣ አንዱ ቋሊማ ይጠብሳል፣ ሌላው ከቁመቱ የሚበልጥ ካሜራ ተክሏል። እማማ ዙሪያውን ቃኝተው «ታቦቱ መቼ ነው የሚወጣው?» አሉ።

አልወጣም። መነሻው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር፤ አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ተሰረዘ ተባለ። ምክንያቱ ሃይድሮጂን። ይህ ሮኬት የሚጠጣው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሃይድሮጂን ነው። ሃይድሮጂን ደግሞ ከፍጥረት ሁሉ ትንሹ ስለሆነ ሌላ ነገር የማያልፍበት ቀዳዳ ለሱ የከተማ በር ነው። ቧንቧው ከሮኬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ደጋግመው ሞከሩ፣ እምቢ አላቸው።

እኔ የጠበቅሁት ጩኸት ነበር። ከስንት ስቴት ሌሊቱን ነድቶ የመጣ ሕዝብ ነው። በደቂቃ የሚቀጣኝ፣ ቡና በሦስት ደቂቃ ካልደረሰለት ሥራ አስኪያጅ የሚያስጠራ ሕዝብ ነው። አንድም ሰው አልተሳደበም። «እህ» ብለው ተነፈሱ፣ ወንበራቸውን አጠፉ፣ ቋሊማቸውን በሉ፣ «በሚቀጥለው» ተባባሉና ሄዱ። እማማ ግን ሊዋጥላቸው አልቻለም።

«ቀረ? ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እንዴት ይቀራል?»

«ብልሽት ተገኘ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ድንኳን ከተጣለ፣ በሬው ከወደቀ በኋላ ሙሽራው ቢያተኩሰውስ ሰርግ ይቀራል? ደግፈው ያቆሙታል እንጂ!»

ጓደኛዬ ይህን ለሽማግሌው ነገረው። ሽማግሌው አልሳቀም። «አንድ ጊዜ ደግፈን አቁመን ነበር» አለ፤ ዝርዝሩን ግን ያን ቀን አልነገረንም።

ከዚያ ኢያን የሚባል አውሎ ነፋስ መጣ። መስከረም 16 ሌሊት፣ በመላው ዓለም ያለን አበሾች ደመራችንን ለኩሰን ስንመለስ፣ እነሱ ሮኬታቸውን ሳይለኩሱ ወደ ቤቱ ይመልሱት ጀመር። ሽማግሌውም «ሮኬቱን ካላያችሁ መኖሪያውን ላሳያችሁ» ብሎ አንድ ቀን ወሰደን። የጎብኚዎች አውቶቡስ ላይ ወጣን። አስጎብኚው በማይክራፎን የሚናገረውን ሽማግሌው ከኋላ ወንበር በሹክሹክታ ያርማል፤ ሁለት ጉብኝት በአንድ ትኬት ማለት ነው።

ሮኬቱ የሚገጣጠምበት ቤት ከሩቅ ብዙም አይገርምም፤ ዙሪያው ሜዳና ረግረግ ስለሆነ የሚለካበት ነገር የለም። ሲቀርቡት አንገት ይሰብራል። ቁመቱ 160 ሜትር ነው። ግድግዳው ላይ ከተሳለው ባንዲራ አንዷ ኮከብ አንድ ረጅም ጎልማሳ ታህላለች፤ ከሰንበሮቹ በአንዱ ላይ የተሳፈርንበትን አውቶቡስ መንዳት ይቻላል። ሰውን ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 በቁሙ የተገጣጠመው እዚህ ነው። በሮቹ 139 ሜትር ከፍታ አላቸው፤ አንዱን ሙሉ በሙሉ ለመክፈት 45 ደቂቃ ይፈጃል። እማማ ይህን ሲሰሙ «ድንገት እንግዳ ቢመጣባቸውስ?» ብለው ጠየቁ። አስጎብኚው ጥያቄው ሲተረጎምለት መልስ አጣ።

ከቤቱ እስከ ማስወንጨፊያው መድረክ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው። ሮኬቱ ይህን የሚጓዘው ቆሞ፣ በሰንሰለት እግር በሚሄድ ተሸካሚ ጀርባ ላይ ነው። ተሸካሚው ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ባዶውን 3,000 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሲጫን ፍጥነቱ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ በዚህ አካሄድ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ከሦስት ቀን በላይ ያስኬዳል። እማማ ጉልበታቸው ባያማቸው እንደሚቀድሙት ማሉ። መንገዱም ተራ መንገድ አይደለም፤ ከአላባማ ወንዞች የተለቀመ ድቡልቡል ጠጠር ነው የተነጠፈበት፤ ሲፈጭ ብልጭታ እንዳይረጭ ታስቦ። በሰዓት አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ነገር ወደ መነሻው የሚደርሰው በሬ በማይሄድበት ፍጥነት መሆኑ ለኔ ከሮኬቱ በላይ የሚያስገርም ነው።

መሬቱ የናሳ ይባል እንጂ ነዋሪዎቹ ሌሎች ናቸው። ናሳ የማይጠቀምበት ሰፊው ክፍል ከ1963 ጀምሮ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። በየቦዩ አዞ ተጋድሟል። ንስር ጎጆ ሠርቷል። የዚህን ሀገር ፖለቲካ ሽማግሌው ጠንቅቆ ያውቃል። በ1995 ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር መድረክ ላይ ቆማ ቀኗን ስትጠብቅ ግንደ ቆርቁሮች የነዳጅ ታንኳን የሸፈነውን ለስላሳ ፎም አይተው ደስ የሚል ግንድ መሰላቸው። ወደ ሁለት መቶ ቀዳዳ ነደሉባት። መንኮራኩሯን ከነታንኳ ወደ ቤት መልሶ መድፈን ግድ ሆነ፤ ለጁን የተያዘው ጉዞ ወደ ጁላይ ዞረ። ከዚያ በኋላ ወፎቹን ያስፈራሩ ተብለው የፕላስቲክ ጉጉቶች ተተከሉ፣ ጡሩንባ የሚነፉ ዘበኞችም ቆሙ።

«እሱን በወንጭፍ ማባረር አቅቷችሁ ነው ጨረቃ የምትሄዱት?» አሉ እማማ። ሽማግሌው ግንደ ቆርቁሩ በሕግ የተጠበቀ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ፤ አልገባቸውም። እውነት ለመናገር እኔም አዝመራ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን እንዲረዳ አልጠብቅም።

ይህ ሁሉ አዞና ቢምቢ እያለ ለምን ፍሎሪዳ? ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ሮኬቱን በነፃ ትገፋዋለች፤ ግፊቱ ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ ቁጥር ይጨምራል። በምሥራቅ በኩል አትላንቲክ ስላለ ደግሞ ከላይ የሚወድቀው ሁሉ ባሕር ውስጥ ይገባል። ፈረንሳዮች ደቡብ አሜሪካ፣ ኩሩ ድረስ የሄዱት ለዚሁ ነው። ጣሊያኖችም ጎረቤታችን ኬንያ መጥተው ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ሳን ማርኮ የተባለ መድረክ ተክለው ከ1967 እስከ 1988 ሮኬት ሲያስወነጭፉ ኖረዋል። ኡሁሩ የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት በ1970፣ ኬንያ የነፃነት በዓሏን ባከበረችበት ዕለት የተነሳችው ከዚያ ነው። ጣሊያን ሮኬት ይዞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ ሲባል የኛ ሰው ጋሻውን ቢያስስ አይፈረድበትም፤ ይህኛው ግን ሰላማዊ ነበር።

በኬክሮስ ብቻ ቢሆን እኛም ፍሎሪዳን እናስንቃታለን፤ እነሱ 28 ዲግሪ ላይ ናቸው፣ አዲስ አበባ 9። ችግሩ በምሥራቃችን ባሕር ሳይሆን የሰው ግመል ነው ያለው። ሮኬቱም የለንም። 72 ኪሎ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ከቻይናው የታይዩዋን ጣቢያ ነው። እማማ ያን ማለዳ እንጦጦ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሲያጨበጭብ በቴሌቪዥን አይተዋል። «የኛዋ ስትሄድ ቤቴ ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ነው ያየኋት። የነሱን ለማየት ነው ሜዳ ላይ ያደርኩት» እያሉ እስከ ዛሬ ያነሱታል።

ሽማግሌው ሌላም ነገር አስተማረን። ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚሄድ ሮኬት መነሻው አንዲት ቅጽበት ናት። ጣቢያው በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ይዞራል፣ ምድርም ከሥሩ ትዞራለች፤ መድረኩ የጣቢያው መስመር ሥር የሚገባባት ሰከንድ ካለፈች እስከ ነገ ነው። መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው፣ ልጅ አሞብኝ ነው አይሠራም። በጥር 2022 አንድ የመዝናኛ መርከብ ተሳፋሪዎቹን እንደጫነ ወደ ተከለከለው ባሕር ዘው ብሎ ስለገባ አንድ ሙሉ ማስወንጨፍ ለማግስቱ ተላልፏል። መርከቡ እስኪያልፍ አንዳፍታ መቆየት አልተቻለም።

ልዩነታችን እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። የኛ ሰው ያረፍዳል እንጂ አይቀርም። ሮኬት ይቀራል እንጂ አያረፍድም።

የሳይንስ ሰዎች ስለሆኑ ልማድ የላቸውም ብሎ የሚያስብ ካለ ይታረም። ጠፈርተኞቹ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ መድረኩ ከመውጣታቸው በፊት ካርታ ይጫወታሉ፤ አዛዡ እስኪሸነፍ ድረስ አይወጡም፤ መጥፎ ዕድሉ እዚያው ይራገፍ ተብሎ። አዲስ የማስወንጨፍ ዳይሬክተር የመጀመሪያ ሮኬቱን ሲሸኝ ከረባቱን በመቀስ ይቆርጡታል፤ በዚህ ሥራ የመጀመሪያዋ ሴት ቻርሊ ብላክዌል-ቶምፕሰንም ከመቀሱ አላመለጠችም። በ1981 የመጀመሪያዋ መንኮራኩር ስትነሳ ኖርም ካርልሰን የተባለ ኃላፊ አንድ ድስት ቦሎቄ ቀቅሎ ለባልደረቦቹ አመጣ። አለቀ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሮኬት በሰላም ከሄደ በኋላ ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ይበላል።

ሩሲያዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። ካዛኪስታን ውስጥ ባይኮኑር ላይ ሮኬቱ በባቡር ተጋድሞ ወደ መድረኩ ሲሄድ ሰው ሐዲዱ ላይ ሳንቲም ያስጨፈልቃል። ተጓዦቹ ሮኬታቸው ሲወጣ ማየት አይፈቀድላቸውም፤ ገድ አይደለም። በየጉዞው አንድ አሮጌ ፊልም ያያሉ፣ ዛፍ ይተክላሉ፣ የሆቴላቸው በር ላይ ይፈርማሉ። ጥቅምት ወር በነሱ 24ኛ ቀን ላይ ሮኬት አይነሳም፤ በ1960 እና በ1963 በዚያ ዕለት ሰው አልቆባቸዋል። ካህኑ ወጥቶ ሮኬቱን ጠበል ይረጨዋል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ «ታዲያ እነዚህኞቹ ለምን አይረጩም? ይኼን ጊዜ ሄዶላቸው ነበር» አሉ። ጋጋሪን በ1961 ወደ መድረኩ ሲሄድ አውቶቡሱን አስቁሞ የኋላ ጎማው ላይ ሽንቱን እንደሸና፣ ተከታዮቹም ይህንኑ ወግ አድርገው እንደያዙት ግን አልነገርኳቸውም። ሁሉም ነገር ለእናት አይነገርም።

ሦስተኛው ሙከራ ለኅዳር 7 ሌሊት ሆነ። ያውም ከሳምንት በፊት ሌላ አውሎ ነፋስ ሮኬቱን መድረክ ላይ ቆሞ አግኝቶት ከላዩ ቁራጭ ልጦበት ሄዷል። ተመልሰን ቲተስቪል ወረድን። አሁን እማማ ጋቢ ጨምረዋል፤ ዳቦ ቆሎውም በእጥፍ ነው።

ሮኬቱ ሊነሳ የታሰበው በሐበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነው፤ ጨረቃ ከጠፈር ጣቢያው ይልቅ ታጋሽ ስለሆነች ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ሰጥታለች። ቆጠራው አስር ደቂቃ ላይ ደርሶ ቆመ። ይህ ታስቦበት ነው፤ ቆጠራው ውስጥ ሰዓቱ ቆሞ ሰው የሚሠራባቸው ማረፊያዎች አሉ። ይህኛው ግማሽ ሰዓት ነበር የተመደበለት። ግማሽ ሰዓቱ አለፈ፤ ሰዓቱ አሁንም አስር ደቂቃ ይላል። አርባ ደቂቃ ሆነ፤ አስር ደቂቃ። አንድ ሰዓት ሞላ፤ አስር ደቂቃ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «አስር ደቂቃ ስጡኝ» ብሎ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው የአጎቴ ልጅ ናሳ ውስጥ ተቀጥሯል እንዴ?

ምን ሆነ? ነገሩ ቆጠራው ከመቆሙ በፊት ነው የጀመረው፤ እንደገና ሃይድሮጂን። መድረኩ ላይ አንድ ቫልቭ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ቀይ ቡድን የሚባሉ ሦስት ሰዎች ተላኩ። ነዳጅ ጠጥቶ የሚያቃስት፣ 98 ሜትር የቆመ ሮኬት ሥር ገብተው ብሎን አጥብቀው ወጡ። ያን ሁሉ ኮምፒውተር፣ ያን ሁሉ ቢሊዮን ዶላር ያዳነው በመጨረሻ ብሎን ማጥበቅ ነው። የመርካቶ መካኒክ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

እሱ እንዳለቀ ሌላ መጣ። ሮኬቱን በራዳር የሚከታተለው ክፍል መስመሩ ጠፋበት። መንስኤው የተበላሸ የኔትወርክ ስዊች ነው፤ በየቢሮው ጥግ አቧራ ለብሳ የምትብለጨለጭ ዓይነት ሳጥን። ጓደኛዬ ከስልኩ ላይ ዜናውን አንብቦ ቀና አለና «ሲስተም የለም ነው የሚሉት» አለ። ከባንክ እስከ ቀበሌ ስንት ጊዜ በዚህ ቃል ተመልሰናል! ጨረቃም በሲስተም ምክንያት ነገ ተመለሱ ልትባል ነበር።

በዚህ መሐል ከአጠገባችን አንድ ወጣት «አሁንስ በዛ፣ ይልቀቁትና ይገላግሉን» ብሎ አጉረመረመ። ሽማግሌው ዞር ብሎ አየው፤ ከዚያ በነሐሴ ያቋረጠውን ወሬ ለኛ ቀጠለ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ጠዋት እዚያ ሥራ ላይ ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ቀኗ ደጋግሞ ተዛውሮ ነበር፤ በጋዜጣና በቴሌቪዥን መቀለጃ ሆና ነበር። ሌሊቱ ለፍሎሪዳ ከባድ ውርጭ ነበር። የጎን ሮኬቶቹን የሠሩት መሐንዲሶች በዋዜማው በስልክ ስብሰባ «መጋጠሚያውን የሚዘጋው የጎማ ቀለበት በዚህ ብርድ ይደርቃል፣ አይነሳ» ብለው ለመኑ። አለን ማክዶናልድ የተባለው ኃላፊያቸው ይነሳ የሚለው ወረቀት ላይ አልፈርምም አለ። ሌላ ሰው ፈረመ። ከተነሳች በ73 ሰከንድ ተበታተነች፣ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ፤ አንዷ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች፣ ተማሪዎቿ በቴሌቪዥን እያዩዋት። ሽማግሌው ይህን ሲጨርስ እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሙሽራውን ደግፎ ስለ ማቆም ዳግም አላነሱም።

ዛሬ ሮኬት ከመነሳቱ በፊት የማስወንጨፍ ዳይሬክተሯ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በስም ትጠራለች። እያንዳንዱ «ጎ» ወይም «ኖ ጎ» ይላል። አንዱ እምቢ ካለ ሮኬቱ አይነሳም፤ ለምን አልክ ብሎ የሚቆጣውም የለም። እኔ በበኩሌ ከጉብኝቱ ሁሉ የቀናሁበት ይህ ነው። በሽምግልና፣ በቦርድ ስብሰባ፣ በዕድር ጉባኤ ላይ ሁሉም እያጨበጨበ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ይህ ብሎን ላልቷል» ቢል የሚደርስበትን እናውቃለን። የሠርጉ ቀን «ልጅቷ እያለቀሰች ነው፣ ይቆይ» ያለች አክስት እስከ ዛሬ ዘመድ አዝማድ አይጠራትም።

ሁሉም «ጎ» አሉ። ሰዓቱ ከአስር ደቂቃ ተንቀሳቀሰ። ሰባት ሰዓት ከ47 ላይ ከውሃው ማዶ ብርቱካንማ ነገር ፈነዳ፤ ሌሊቱ ተሰነጠቀ፤ ውሃው፣ የሰው ፊት፣ የዛፉ ቅጠል ሁሉ ታየ። ያ ነጭ ደመና ጭስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛው እንፋሎት ነው። ድምፁ ራሱን ሮኬቱን እንዳይሰብረው ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ በሰከንዶች ውስጥ ይደፉበታል። (ይህን አስቀድመን ለእማማ ነግረናቸው ነበር። ሰፈራቸው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አልወደዱትም።) እሳቱ ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ከደመናው በላይ ሄደ። ድምፅ ግን የለም። ያለንበት ከመድረኩ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ድምፅ ያን ያህል ለመምጣት አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። ሮኬቱ ከሄደ፣ ሰው አጨብጭቦ ሊጨርስ ሲል ደረሰ፤ ደረትን የሚደቃ፣ የመኪና መስታወት የሚያንቀጠቅጥ። በሌሊቱ ዝግጅት ሁሉ የአገሬ ልጅ እሱ ብቻ ነበር። አርፍዶ መጣ፣ ሲመጣ ግን መምጣቱን ያልሰማ የለም።

እማማ እልልታውን አቀለጡት። ከጎናችን ያሉት አሜሪካውያን መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ ሁለት ሴቶች ሊከተሏቸው ሞከሩ፤ ምላሳቸው ግን እሺ አላላቸውም።

«ስንት ሰው ነው ያለበት?» አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ሲመለስ።

«ሰው የለበትም፣ እማማ። አሻንጉሊት ነው የተቀመጠው።»

«ምን?»

እውነት ነው። ወንበሩ ላይ የነበረው የጠፈርተኛ ልብስ የለበሰ፣ ንዝረትና ጨረር የሚለካ አካል ነው፤ አፖሎ 13ን በሰላም ለመመለስ በረዳው መሐንዲስ በአርቱሮ ካምፖስ ስም ኮማንደር ሙኒኪን ካምፖስ ተብሎ ተሰይሟል። ከሱ ጋር ስኑፒ የተባለው የካርቱን ውሻ አሻንጉሊትም ነበር። እማማ ለአሻንጉሊት እልል በማለታቸው እስከ ኦርላንዶ ተቆጡ፤ መንገዱም ተዘግቶ ስለነበር የሚቆጡበት ጊዜ በቂ ነበር። ሽማግሌው ወጉን ጠብቆ ቤቱ ቦሎቄ ቀቅሎ አቀረበልን፤ አሳማ ገብቶበታል፣ ቀኑም ረቡዕ ነው። እማማ የበቆሎ ዳቦውን ብቻ ቆርሰው በሻይ በሉ፤ «ዳቦው ስኳር በዛበት» አሉ። ሮኬቱ የወሰዳት መንኮራኩር ጨረቃን ዞራ ታኅሣሥ 2 ቀን ፓስፊክ ላይ አረፈች። በተባለው ቀን።

መሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ የምለው ይህን ነው። የመመለሻ ቲኬታችሁን ክፍት አድርጉት፤ ከአለቃችሁም አንድ ቀን ሳይሆን አንድ ሳምንት ጠይቁ። ታጣፊ ወንበር፣ ጋቢ፣ ብዙ ዳቦ ቆሎ ያዙ። እሳቱን በስልክ መስታወት ሳይሆን በዓይናችሁ እዩት፤ ቪዲዮውን እነሱ ከናንተ አሳምረው ይቀርጹላችኋል። «ቀረ» ከተባለም እንደነሱ ወንበራችሁን አጥፋችሁ ውጡ። እና ቅባት እንዳትረሱ፤ ሮኬቱ የሚመጣበትን ሰዓት ማንም አያውቅም፣ የፍሎሪዳ ቢምቢ ግን ልክ በሰዓቷ ነው የምትገኘው።